ባሏ የሚመልስላት ሴት

ልጄ አሥረኛ ክፍል ሳለች፣ መርሳ ከተማ፣ ትምህርት ቤታቸው አዳራሽ ውስጥ ድራማ አዘጋጅተው ወላጆችን ጠሩን። መምህሩ "ከባሕር ማዶ የመጣ የድሮ ድራማ ነው፤ እኛ በአማርኛ አድርገነዋል" አለን። ልጄ ሚስትየዋን ሆና ተጫወተች። ሚስትየዋን ሰው ምንም ቢጠይቃት የሚመልሰው ባሏ ነው። "ደህና ነሽ?" ሲሏት "ደህና ናት" ይላል። "ሻይ ይቅረብልሽ?" ሲሏት "ሻይ አትወድም" ይላል። መጀመሪያ ሳቅን። እየቆየ ሳቁ ቀረ። መጨረሻ ላይ አንድ እንግዳ ሲጠይቃት፣ ባሏ አፉን ሳይከፍት ቀድማ "ደህና አይደለሁም" አለችና ነጠላዋን አንስታ ወጣች። መጋረጃው ተዘጋ።

ለእኔ ግን አላለቀም። ብድግ ብዬ "የት ልታድር ነው? እናት የላትም እንዴ?" ብዬ ጮህሁ። አዳራሹ በሳቅ አወካ። አጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤቴ ቀሚሴን እየጎተተች "አንቺ ሴት፣ ድራማ እኮ ነው! ተቀመጪ!" አለችኝ።

"ድራማም ቢሆን የለፋችበትን ድርሻዋን ሳትይዝ አትወጣም" አልኋት።

እንዲህ ነበርሁ። የተማርሁት መሠረተ ትምህርት ብቻ ነው፤ ግን በሰፈራችን ባልና ሚስት ሲጣሉ ሴቶቹ እኔን ይጠሩኛል። ሽማግሌዎቹ ከሩቅ ሲያዩኝ "ሚዛኗን ይዛ መጣች ደግሞ" ይባባላሉ። እኩል የለፋ እኩል ይካፈል እላለሁ፤ ከዚያ ንቅንቅ የለም። በሌላ ሰው ልጅ ጉዳይ ማለቴ ነው።

ልጄ ትምህርቷን ጨርሳ ወልድያ አንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ተቀጠረች። እዚያው አንድ ጨርቅ ነጋዴ አገባች፤ ሴት ልጅም ወለደች። ጦርነቱ እኛ ዘንድ ከመድረሱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ልጇን አዝላ አንድ ቦርሳ ይዛ ከሚኒባስ ወረደች።

"ጦርነቱን ፈርተሽ ነው?" አልኋት።

"አይደለም እማ፤ ባሌን ትቼ ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ሳይነግራት ክሊኒኩ ሄዶ "ከእንግዲህ አትመጣም" ብሎላታል። እሷ ጠዋት እንደ ወትሮዋ ስትገባ ወንበሯ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣ አገኘች።

"ሽማግሌ እስኪልክ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አትዪም" አልኋት። ወጋችን ነው። ያኮረፈች ሴት እናቷ ቤት ትቀመጣለች፤ ባል ሽማግሌ ይልካል፤ እስከዚያ ደጃፉን አይረግጥም። ሽማግሌ ሲቀመጥ እሷም የሆዷን ትናገራለች። ልጄ ያንን ቀን እየጠበቀች ነበር። ልብስ ስታጥብ ለብቻዋ ስታወራ ሰማኋት፤ የምትለውን እያጠናች ነው።

ወልድያ ተኩስ ሆነ። ሰዉ ፍራሹንና ልጁን ተሸክሞ በሲሪንቃ በኩል በአስፋልቱ ይጎርፍ ጀመር። አንድ ከሰዓት በኋላ የልጄ ባል አቧራ ለብሶ፣ ፍራሽ ተሸክሞ ደጃችን ቆመ።

"አሰላሙ አለይኩም፣ እማማ። መጠጊያ አጣሁ።"

ልጄ ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥብ ነበር። ተነስታ ቆመች፤ ከእጇ ውኃ ይንጠባጠባል። የምታየው እሱን አልነበረም፤ እኔን ነው።

ጎረቤቴ ከአጥሩ ወዲያ ሆና "እኔ ቤት ይረፍ፤ ክፍል አለኝ። ወጉም ይጠበቅ" አለች።

"በዚህ ቀን ምን ወግ አለ! ወአለይኩም ሰላም፣ ግባ ልጄ። እሷም በመምጣትህ ደስ ይላታል" አልሁ።

እሷን የጠየቃት ሰው የለም። እኔ መለስሁላት። የተሰደደ ሰው ከደጅ አይመለስም፤ በዚያ ዛሬም አልጸጸትም። ግን የጎረቤቴ ክፍል የሚርቀው አሥር እርምጃ ብቻ ነበር።

ከዚያ ታጣቂዎቹ መርሳ ገቡ፤ ለወራት መንገዱ ተዘጋብን። መብራት የለ፣ ስልክ የለ፤ ወፍጮው ቆሞ እህሉን ቀቅለን እንበላለን። በአንድ ጣሪያ ሥር ስንውል ያላየሁትን አየሁ። ጎረቤቴ ልጄን "ፊትሽ ጠቆረ፤ አሞሻል እንዴ?" ስትላት ባሏ "ደህና ናት፤ እንቅልፍ አጥታ ነው" ይላል። ያን ጊዜ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ትዝ አለኝ። አቀርቅሬ ምስር መልቀሜን ቀጠልሁ። ጊዜው ይለፍ እንጂ እናገረዋለሁ እያልሁ ነበር።

አንድ ቀን እሱ ውኃ ሊቀዳ ወጥቶ ሁለታችን ብቻ ቀረን።

"እማ፣ ሽማግሌዎቹ መቼ ነው የሚቀመጡት?"

"የት አሉና ልጄ። ሁሉም ተበትነዋል።"

"አንቺስ?" አለችኝ።

 የምለቅመውን ምስር አነሳሁና ወደ ጓዳ ገባሁ።

መንገዱ ሲከፈት አብረው ወደ ወልድያ ተነሱ። "እንግዲህ ታርቀናል፣ እማማ፤ ይመርቁን" አለኝ ባሏ፣ በሁለቱም ስም። መረቅኋቸው።

ዓመት ሳይሞላ ትታው ወጣች። የነገረኝ ሌላ ሰው ነው። እዚያው ወልድያ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ የተዘረፈው ክሊኒክ እንደገና ሲከፈት ካርድ ክፍሏ ተመልሳ ነበር። እናት የላትም እንዴ ብዬ የጮህሁት እኔ፣ ልጄ የት እንዳደረች ከጎረቤት ሰማሁ። ሄድሁ። ሻይና ዳቦ አቀረበችልኝ፤ ለእንግዳ እንደሚቀርበው። "ለምን ቤትሽ አልመጣሽም?" አልኋት። "ያኮረፍሁ ጊዜ መጥቼ ነበር" አለችኝ። 

ወደ መርሳ ተመልሼ ሽማግሌ ላክሁባት፤ ሁለት ሽማግሌዎችና ጎረቤቴ። አንደኛው ሳቀብኝ።

"ባል ሲልክ አይተናል። እናት ስትልክ ያንቺ የመጀመሪያው ነው!"

"የበደለ ይልካል። በድያለሁ" አልሁ።

ሄደው ቀኑን ሙሉ ውለው ተመለሱ። ብዙ ተናግራለች አሉ። ምን እንዳለች ጎረቤቴን ብወተውታት "ራሷ ትንገርሽ" ብላ እምቢ አለችኝ። ለእኔ የላከችው አንድ ቃል ነው፤ "እመጣለሁ፤ ለመጠየቅ።"

መጣችም። ልጇ ግቢያችን ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ስትሮጥ፣ እሷ ቦርሳዋን በሩ አጠገብ አስቀምጣ ተቀመጠች። ጎረቤቴ ልትጠይቃት ገብታ ሳመቻትና "ዛሬስ ታድሪያለሽ?" አለቻት።

"አዎ፣ ታድራለች" የሚለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥሁት። ልጄ ለአፍታ አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ጎረቤቴ ዞራ "አላድርም፤ ነገ ሥራ እገባለሁ" አለች።

ሳይመሽ አስፋልቱ ድረስ ሸኘኋት። የልጅቱን እጅ እኔ ያዝሁ። የመጀመሪያው ሚኒባስ ሞልቶ አለፈን፤ ሁለተኛውን ቆመን ጠበቅን።