የማክሰኞው ዳዊት

ከደሴ በወጣሁበት ቀን ዋዜማ፣ ምሽት ላይ፣ አባቴ በአጉሊ መነጽሩ ዳዊቱን ይደግም ነበር። ሻንጣዬን ይዤ ፊቱ ቆምኩና መርቀኝ አልኩት። ቀና አላለም። ጴንጤ ከሆንኩ ወዲህ እንዲህ ነው፤ አይቆጣኝም፣ አይሰድበኝም፣ ዝም ብቻ። ማንበብ ያስተማረኝ ግን እሱ ነው፣ በዚያችው ዳዊት። ነቀምት፣ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሥራ አግኝቼ ስሄድ ሁላችሁም ለእንጀራ መስሏችሁ ነበር፤ እኔ የሸሸሁት ያንን ዝምታ ነው።

እናንተ ደሴ ያላችሁ፣ ዝናብ እናውቃለን እንዳትሉኝ። እዚህ አንዴ ከጀመረ ማቆሙን ይረሳዋል። አንጮቴ የሚባል ሥራ ሥር አለ፤ በቅቤ ታሽቶ ሲቀርብልኝ ድንች ነው ብዬ ናቅሁት፣ አሁን ገበያ የምወጣው ለእሱ ነው። ሰላምታቸውም እንደ ዝናቡ ነው። አከራዬ ኦቦ ፈይሳ በመጀመሪያው ጠዋት «አካም ቡልቴ?» ብለው አዳሬን ጠየቁኝ፤ ከዚያ የልጆቼን፣ ከዚያ የከብቶቼን። ከብት እንደሌለኝ፣ በተከራየሁት አንድ ክፍልም ከብት እንደማይታሰር በቁም ነገር አስረዳኋቸው። ሳቃቸው ጎረቤት ተሰማ። አሁን ከብቶቼ በየቀኑ በሰላም ያድራሉ።

ቀበሌ መታወቂያ ልጠይቅ ስሄድ ከደሴ መልቀቂያ አልያዝኩም ነበር።

«መልቀቂያ ከሌለሽ እኮ ገና ደሴ ነሽ» አለኝ ጸሐፊው።

ታዲያ አሁን ከማን ጋር ነው የምታወራው ብዬ ብጠይቀው፣ እሱንም ደሴ ይጻፉልን አለ። በዝናቡ ስመለስ እውነቱን ይሆን እንዴ ብዬ አሰብኩ።

ኦቦ ፈይሳ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ያለችው የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆኑ እዚያ ወሰዱኝ። ሁለት ዓመት ቆይቼ፣ ኦሮምኛውም ቀስ በቀስ ሲገባኝ፣ ለቤተ ክርስቲያኗ ሽምግልና ታጨሁ። ሴት፣ ያውም የወሎ ልጅ! ከሹመቱ ይልቅ የገረመኝ ግን ልማዳቸው ነው። የታጨ ሰው መድረክ ላይ አይፈተንም። ለሦስት ወር፣ ከቤት መውጣት ላቃተው አንድ ሰው መጽሐፍ ቅዱስ ያነባል። ሰውየው ይሁን ካለ ይሾማል።

ለእኔ የደረሱኝ ኦቦ ተሬሳ ናቸው፤ በደህናው ዘመናቸው ያችን ቤተ ክርስቲያን የመሩ፣ አሁን ዐይናቸው የደከመ ሽማግሌ። አማርኛ ስለሚችሉ በአማርኛ አነብላቸው ጀመር። መሪ መምሰል አለብኝ ብዬ ማታ ማታ ተዘጋጅቼ፣ በየቁጥሩ እያቆምኩ አብራራሁ። በሦስተኛው ቀን እጃቸውን አነሡ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ማብራሪያ ስልኬ ላይ ሞልቷል። ዛሬ ሰባኪ ያጣ ማን አለ? እኔ ያጣሁት አንባቢ ነው። አንብቢልኝ ብቻ።»

አፈርኩ። ከዚያ ወዲያ ማንበብ ብቻ ሆነ ሥራዬ፤ እሱ ደግሞ ከማብራራት ይከብዳል። መሪነት ድምፅን ማዋስ ብቻ ቢሆንስ እያልኩ እስካሁን አሰላስለዋለሁ። አንድ ቀን ስጨርስ፣ እንዲህ ማንበብ ማን አስተማረሽ አሉኝ። አባቴ አልኳቸው።

«ለእሱስ አሁን ማን ያነብለታል?»

አጉሊ መነጽሩም አልረዳው እንዳለ እናቴ ከነገረችኝ ወራት አልፈዋል፤ እኔ ግን አዘንኩ እንጂ ሌላ አላሰብኩም።

በዚያው ቀን ማምሻውን ደወልኩና ስልኩን ጆሮው ላይ እንድትይዝለት እናቴን ለመንኳት። ሰላምም ሳልል ከመዝሙር አንድ ጀመርኩ። ሁለትን፣ ሦስትን አነበብኩ፤ ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል። አራተኛው ላይ ስደርስ፣ በስንት ጊዜው ድምፁን ሰማሁ።

«ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው።»

ዳዊት በየዕለቱ ተከፍሎ እንደሚደገም ረስቼ፣ የሰኞውን እያነበብኩለት ኖሯል። ይቅርታ አባዬ ብዬ ገለጥኩና የማክሰኞው ከሚነሣበት፣ ከሠላሳ አንድ ጀመርኩ። በቃሉ ይከተለኝ ነበር፣ በሹክሹክታ። ጉሮሮዬ ደርቆ ሳቆም ምርቃቱን ጠበቅሁ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

«ነገ ረቡዕ ነው» አለና ስልኩን ለእናቴ ሰጣት።