ጆሮ ባዶዋ ንግሥት

ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራቸው እትዬ መጋረጃ እያለ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ መጋረጃ ሲሰፉ ኖረዋል። የእሳቸው መጋረጃ መስኮት ቢከፈት እንኳ አይውለበለብም፤ ቀጥ ብሎ እንደወረደ ይቀራል። ምስጢሩ ሳንቲም ነበር። የሟቿ ንግሥት መልክ ያለባቸው ሳንቲሞች ከአገልግሎት ሲወጡ እትዬ አንድ ከረጢት ሙሉ በኪሎ ገዝተው፣ ክብደት እንዲሆኑ በየመጋረጃው የታች እጥፋት ይሰፏቸው ነበር። እንዳይንሿሹ ደግሞ ለእያንዳንዱ ትንሽ የጥጥ ኪስ ያበጁለታል።

ሥራ ካቆሙ በኋላ አንድ ቀን፣ የተረፏቸውን እፍኝ የማይሞሉ ሳንቲሞች ይዘው የድሮ ሳንቲም እየገመተ ወደሚገዛ ሰው ሱቅ ጎራ አሉ። ገማቹ በአጉሊ መነፅሩ አንድ በአንድ አየና ከንፈሩን መጠጠ።

«እትዬ፣ ንግሥት ስላለችበት ብቻ ሳንቲም አይወደድም። የዚህ ዓይነቱ በየቤቱ መሳቢያ ሞልቷል። የምትፈለገው ጆሮ ባዶዋ ናት።»

«ደግሞ እሷ ምንድን ናት?»

«አንድ ዓመት ቅርጹን ያወጣው ሰው የንግሥቲቱን ጉትቻ ረሳው። ስህተቱ እስኪታወቅ ጥቂት ሳንቲም ወጣ። እሷን ያመጣልኝ ሰው የዓመት የቤት ኪራዩን ይዞ ይሄዳል።»

እትዬ ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። «አይቻታለሁ! ‹ምስኪን፣ ለካ እሷም ጉትቻ ይጠፋባታል› ብዬ ስቄባት ሰፋኋት!»

«የማን መጋረጃ ላይ?»

«እሱን ባውቅማ እዚህ እቀመጣለሁ?»

በማግስቱ መቀስና መርፌ ይዘው የድሮ ደንበኞቻቸውን ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። ጠርዙን ይተረትራሉ፣ ያያሉ፣ መልሰው ይሰፋሉ። ያላቀፋቸው፣ ያላስቀመጣቸው የለም። «ከመጡ አይቀር ለመኝታ ቤቱም አንድ ይስፉልን» የሚለውም በዛ።

ዘጠነኛው የመድኃኒት ቤት ባለቤት የሆነች ሴት ቤት ነበር። ሴትየዋ የመጡበትን ስትሰማ አፏን ያዘች።

«ውይ እትዬ! ያ መጋረጃ ለውሻዬ ምንጣፍ ሆነ እኮ!»

ጥጃ የሚያህል ውሻ ጨርቁ ላይ ተዘርግቶ ያንኮራፋል። ቢጎትቱት፣ ቢለምኑት ንቅንቅ አልል አለ።

«አንተ፣ ተነስ እንጂ! ንግሥት ላይ ነው የተኛኸው!» አሉት እትዬ።

በመጨረሻ ያስነሳው አጥንት ነው። እትዬ ፈጥነው መተርተር ያዙ። ከሦስተኛው ኪስ የወጣችውን ሳንቲም ወደ መስኮቱ ብርሃን ቢያስጠጓት፣ ጆሮዋ ባዶ! ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው እልልታቸውን አቀለጡት፤ ውሻውም አጥንቱን ጥሎ ይጮህ ጀመር።

«መጋረጃው ያንቺ ነው፣ ልጄ። ሳንቲሟም ያንቺ ናት» አሉ እትዬ ረጋ ሲሉ።

«እርስዎ ባይመጡ መቼ አውቃት ነበር? እኩል ካልሆነ አልነካትም!»

ሲገፋፉ ቆይተው በእኩል ተስማሙ።

ገማቹ ሳንቲሟን ሲያይ አጉሊ መነፅሩን ወልውሎ ደግሞ አያት። «ከዚህ በፊት ያየኋቸው ሁለቱ ከኪስ ኪስ ሲዞሩ ፊታቸው ተፍቆ አልቋል። ይቺ ግን ጭረት እንኳ የላትም። ማን ነው እንዲህ አድርጎ ያስቀመጣት?»

«እኔና ጥጤ!» አሉ እትዬ ኮራ ብለው። ከተናገረው ዋጋ እጥፍ ከፈላቸው።

እትዬ በድርሻቸው በኤሌክትሪክ የሚሠራ የስፌት መኪና ገዙ። ምን ያድርጉ፣ ሳንቲሟን ፍለጋ ሲዞሩ የሰባት ቤት ሥራ ተቀብለው ነበር። «ጡረታ ወጥተው አልነበረም እንዴ?» ለሚላቸው ሁሉ፣ «ወጥቼ ነበር፤ ሰለቸኝና ተመለስኩ» ይላሉ።