እስረኞቹን ያስፈታሁ ዕለት

እኛ አገር ካለው ሐይቅ አጠገብ፣ በጦርነት ጊዜ የምርኮኞች ማጎሪያ የነበረው ግቢ ለጎብኚ ተከፍቷል። የሰፈሩ ወጣቶች እስረኛና ዘበኛ ሆነው የድሮውን ያሳያሉ። ልጄም እስረኛ ሆና ተቀጠረች።

«እማ፣ የመጀመሪያ ቀኔ ነው፤ አደራ፣ አንድ ቃል እንዳይወጣሽ» ብላኛለች።

ከጎብኚዎቹ ፊት ፊት ገባሁ። ጉሙ ከሐይቁ ተነስቶ ግቢውን ሸፍኖት ሁሉም ነገር በሕልሜ የማየው መሰለኝ። በዚያ መሀል ልጄ በሰንሰለት ታስራ ብቅ አለች። ዘበኛ የሆነው ጎረቤታችን ሰይድ አለንጋውን ሲያነሳባት አደራዋን ረሳሁት፤ እግሩ ላይ ወደቅሁ።

«ሰይዶ፣ ስለ እስጢፋኖስ ብለህ ማርልኝ!»

ልጄ በዓይኗ ተቆጣችኝ። ሰይድ ግን አለንጋውን ጣለ።

«እትዬ፣ በታቦት ከለመኑኝማ ወላሂ እጄ አይነሳም» አለና የሁሉንም ሰንሰለት ፈትቶ በሩን ከፈተላቸው።

ልጄ በሳቅ እየፈረሰች ከፊት ወጣች፤ እስረኞቹም ተከትለዋት ወደ ሐይቁ ወረዱ። ጎብኚዎቹ ገና እየገቡ ነበር።