ጋጋሪው እኔ፣ አሜን ባይዋ ሚስቴ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ። የኔ ጉድ መስከረምን አልጠበቀም። በጥር ወር፣ በቅዳሜ ከሰዓት፣ ሁለቱም ክንዶቼ እስከ ክርናቸው ሊጥ ውስጥ እንዳሉ በር ከፍቶ ገባብኝ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እኔ ዳቦ እጋግራለሁ። ይኸው፣ አልኩት! ለአምስት ዓመት ያህል ይህን ከሚስቴ በቀር የሚያውቅ ፍጡር አልነበረም። ሌላ አገር ቢሆን ማን ጉዳዬ ይላል፤ በቴሌቪዥን እንደምናየው ወንዱ ሁሉ ሽርጥ አስሮ ኬክ ይሠራል። ደብረ ማርቆስ ላይ ግን፣ ያውም ከደብረ ወርቅ ገጠር ለመጣ የገበሬ ልጅ፣ ነገሩ ሌላ ነው። «ሴት በማጀት፣ ወንድ በችሎት» እየተባለልኝ ነው ያደግሁት። ቢሮ ደግሞ በቁጣዬ የታወቅሁ ነኝ። ፋይል የጠፋበት ሠራተኛ ድምፄን ሲሰማ መንገድ ይቀይራል። እንግዲህ ይህ ሰውዬ ቅዳሜ ቅዳሜ መጋረጃ ዘግቶ ሊጥ ያቦካል ቢባል፣ ከሰኞ ጀምሮ ማን ሊፈራኝ ነው?

የጀመርኩት እናቴ በሞተች በዓመቱ ነው። ዳቦዋ ናፈቀኝ። ሚስቴ የምትጋግረውን እየበላሁ፣ «የእናቴ እንዲህ አልነበረም፣ የእናቴ ይለሰልስ ነበር» እያልኩ ሦስት እሑድ ነዘነዝኳት። በአራተኛው ቡሃቃውን አምጥታ ፊቴ ላይ ቁጭ አደረገችው። «እንካ! የእናትህን ዳቦ ከፈለግህ ራስህ ጋግር!» አለችኝ። ተናድጄ ጋገርኩት። ድንጋይ ወጣ። እሷ እየሳቀች፣ እኔ እልህ ይዞኝ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ደገምኩት፤ ከዚያም ሠለስኩት። ወደ ሁለት ወር ገደማ ሲሆነኝ ሊጡ ኩፍ ብሎ አደረ። እውነቴን ነው፣ ሹመት ባገኝ እንደዚያ አልደሰትም። ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቀው ቅዳሜን ሆነ።

የእናቴን ዳቦ ግን አላገኘሁትም። የእናቴ ስል በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት የበላሁትን ማለቴ ነው። ወገቧ አልታዘዝ ብሏት አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ ዳቦዋ ከድሮውም በለጠ። ሲቆርሱት አይፈረፍርም፤ ጥቁር አዝሙዱ እዚህም እዚያም ብቅ ይላል፤ በነጠላ ተጠቅልሎ ቢያድር በማግሥቱም ያው ነው። እሑድ ሄጄ ስጠይቃት አልጋዋ ላይ ደገፍ ብላ ትጠብቀኛለች። ጣቶቿ ላይ ዱቄት ይኖራል። እንጀራውን የጎረቤት ሴት ትጋግርላት ነበር፤ ዳቦው ግን የሷ ነው። እቆርስና፣ «እጅሽ ይባረክ እናቴ!» እላለሁ። «አሜን» ትላለች። አባቴ ጥግ ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። አንድ ቀን፣ «እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ብታደርጊበት ነው?» ብላት፣ «እኔን ምን ትጠይቀኛለህ፣ አባትህን ጠይቀው» አለችኝ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። የጎጃም ሴት አይደለች፣ ቀልዷ ነው ብዬ አብሬ ሳቅሁ።

ወደኔ ቤት ልመለስ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጎረቤታችን የሆነች አንዲት ሴትዮ ከባሏ ጋር ትመጣለች፤ ዳቦው ይቆረሳል። አንዴ ጎረስ ታደርግና ሚስቴን፣ «እጅሽ ይባረክ አንቺ!» ትላታለች። ሚስቴ ዓይኗን ሰበር አድርጋ፣ «አሜን» ትላለች። አይ አሜን! ጋጋሪው እኔ፣ አሜን ባይዋ እሷ። ሴትዮዋ ሙያውን እንድታሳያት ስትለምናት፣ «ኧረ እንዲሁ በግምት ነው» እያለች ታመልጣለች። የባሏ ደግሞ ይብሳል። «ታድለህ፣ ባለሙያ አግብተሃል» ይለኛል። ምን ልበል? እውነት ነው እላለሁ።

የጎረቤቱስ እሺ። እኔ የምፈራው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አባቴን። ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ እናቴ ስታቦካ አጠገቧ ተንበርክኬ እጄን ሊጡ ውስጥ ከተትኩ። ይሞቅ ነበር። አባቴ ከውጭ ገቡና እጄን መንጭቀው አውጥተው በጥፊ አሉኝ። «ወንድ ልጅ ሊጥ አይነካም! ሁለተኛ ጓዳ ውስጥ እንዳላይህ!» አሉ። በጥፊው አይደለም ያለቀስኩት። የሚጠሉኝ መስሎኝ ነው። ይህን ያህል ዘመን አልፎ፣ ጸጉሬ ሸብቶ፣ አሁንም የምፈራው እሱኑ ነበር፤ ሊጥ ውስጥ አይተውኝ እንደ ልጃቸው እንዳይቆጥሩኝ።

ከሚስቴ ጋር ምልክት ነበረን። እኔ ሳቦካ ከውጭ እንግዳ ይዛ ከመጣች በሩ ላይ ሁለት ጊዜ ታስላለች፤ እኔ እጄን ታጥቤ ሳሎን ጋዜጣ ይዤ እገኛለሁ። ያን ቅዳሜ ለቅሶ ለመድረስ ወጥታ ነበር። አባቴ ለዓይናቸው ሐኪም ቤት የሰኞ ቀጠሮ ስለነበራቸው የሚመጡት እሑድ ነው። እኔም ተረጋግቼ የሚስቴን አበባ አበባ ያለበት ሽርጥ አስሬ ሊጡን እያሸሁ ነው። በሩ ላይ ሳል ሰማሁ። ሁለት ጊዜ። ከዚያ አራት፣ ከዚያ ስድስት ጊዜ። ለቅሶ ቤት ብርድ መታት ብዬ፣ «ዝንጅብል ላፍላልሽ እንዴ?» ብዬ ጮህኩ።

«ማነው ዝንጅብል የሚያፈላው?» አለ የአባቴ ድምፅ።

ክው አልኩ። ሚኒባስ አግኝተው ቀድመው መጥተዋል፤ ሚስቴ በር ላይ ደርሳባቸዋለች፤ ያ ሁሉ ሳል ለኔ ነበር! አባቴ የጓዳው በር ላይ ከነበትራቸው ቆሙ። ዓይናቸው ደክሟል ሲሉኝ የከረሙት ሰውዬ፣ ሽርጡን አዩ። አበባዎቹን አዩ። ክንዴን አዩ። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«በስመ አብ!» አሉ። ዞረው ወጡ።

ሚስቴ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች። እኔ ደርቄ ቀረሁ። ከሊጡ ውስጥ እጄን ማውጣት እንኳ አቃተኝ። በመስኮቱ ሳይ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በበትራቸው መሬት ይጭራሉ። አሁን ተነሥተው ወደ መናኸሪያ ይሄዳሉ አልኩ። ቀጠሮውንም ይተዋሉ፤ ዓይናቸውም ይጠፋል፤ ሁሉም በኔ ሊጥ የተነሣ! «ሂጂ እስቲ የሆነ ነገር በያቸው» አልኳት። «ምን ልበላቸው? የኔ ነው እንዳልል ክንድህ ውስጡ ነው!» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ቆየት ብሎ የቧንቧ ውሃ ሲወርድ ሰማሁ። አባቴ ተመልሰው ገቡ። ጋቢያቸውን አውልቀዋል፤ የሸሚዛቸውን እጅጌ እስከ ክርናቸው ሰብስበዋል፤ እጃቸው ውሃ ያንጠባጥባል። ሊመቱኝ መስሎኝ፣ አፈር ልብላ፣ ወደ ኋላ ፈቀቅ አልኩ።

አባቴ ጎንበስ ብለው አንድ ጣት ሊጡ ላይ ሰደዱ። አወጡትና አዩት።

«ውሃ አብዝተህበታል» አሉ። «ዱቄት አምጣ።»

ያየሁትን ለመናገር አሁንም ይከብደኛል። እኚያ ማረሻና ጅራፍ እንጂ ሌላ የማያውቁ የመሰሉኝ እጆች ቡሃቃው ውስጥ ገቡ። ዱቄቱን በጥቂት በጥቂቱ እየነሰነሱ፣ ሊጡን ከጠርዝ ወደ መሃል እያጠፉ፣ በጡጫቸው አንጓ እየደቆሱ፣ ገልብጠው ደግሞ እያጠፉ... አንድም የሚባክን ነገር የለም። አምስት ዓመት ሙሉ እኔ ስታገለው የኖርኩት ሊጥ ለሳቸው ወዲያው ታዘዘ። ሚስቴ፣ «ኧረ አባባ!» ብላ በርጩማው ላይ ዘፍ አለች።

«የት ለመዱት?» አልኩ።

«ቤተልሔም» አሉ ቀና ሳይሉ።

ልጅ ሆነው ዲያቆን እንደነበሩ አውቃለሁ። ቤተልሔም የምትባለውንም አውቃለሁ፤ የቁርባኑ ኅብስት የሚዘጋጅባት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለችው ትንሽ ቤት ናት። ሴት እዚያ አትገባም፤ የሚያቦኩትም የሚጋግሩትም ዲያቆናቱ ናቸው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ! ስንት ዘመን ሳስቀድስ ኖሬያለሁ! ግን የአባቴ እጅ ሊጥ ነክቶ ያውቃል ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም።

«ሰባት ዓመት አገልግያለሁ» አሉ። «ስሙ ራሱ የኅብስት ቤት ማለት ነው።»

ያኔ ደሜ ፈላ። «ታዲያ እኔን ለምን መቱኝ?» አልኩ። ቢሮ እንደምጮኸው ሆኖ ነው የወጣብኝ። በአባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም፤ ሚስቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። አባቴ ሊጡን ማጠፋቸውን አላቆሙም።

«እዚያ የእግዚአብሔር ቤት ነው፤ ማንም አይስቅም» አሉ በመጨረሻ። «ቤት ውስጥ ሲሆን ይስቃሉ። እንዳይስቁብህ ብዬ ነው።»

ከዚያ ቡሃቃውን በነጠላ ከደኑት። ሊጡ ኩፍ እስኪል ጠበቅን። የኮባውን ቅጠል እኔ አጥቤ እንዲሁ ነበር የማነጥፈው፤ እሳቸው በእሳት ላይ ለብለብ እያደረጉ አለሰለሱት። ሲመሽ ዳቦው ወጣ። እሑድ ጠዋት በነጠላ ጠቅልለን አስቀምጠን ቤተ ክርስቲያን ሄድን።

ከቅዳሴ መልስ ያቺ ጎረቤታችን ከባሏ ጋር መጣች። አባቴ አባታችን ሆይ ደግመው፣ ባርከው ቆረሱ። ሴትዮዋ አንዴ ጎረሰችና ዓይኗን ጨፈነች። «ኧረ አንቺ ሴት! እጅሽ ይባረክ! ዛሬስ ከወትሮውም በለጠ!» አለች። ሚስቴ እንደ ልማዷ፣ «አሜን» አለች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ቀላ። እኔም ድርሻዬን ጎረስኩ።

የእናቴ ዳቦ ነበር።

መስሎ አይደለም፤ ራሱ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ምላሴ ያጣው፣ አምስት ዓመት ስከተለው የሸሸኝ፣ ያ ዳቦ አፌ ውስጥ ነው። ቀና ብዬ አባቴን አየኋቸው። መሬት መሬት ያያሉ። በእናቴ ጊዜ ጥግ ላይ ተቀምጠው ያዩ እንደነበረው!

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። ወገቧ የማይታዘዝላት፣ ከጎን ወደ ጎን እንኳ ሰው የሚያገላብጣት ሴት፣ እንዴት አድርጋ ነው ያን የሚያህል ሊጥ የምታቦካው? ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ እየሄድኩ እበላለሁ፣ አንድም ቀን አልጠየቅሁም! አባቴ ቅዳሜ በራቸውን ዘግተው ጋግረውላታል። እሷ ደግሞ እኛ ስንመጣ ጣቷን ዱቄት ነክራ፣ አሜን እያለችላቸው፣ ክብራቸውን ጠብቃ ሞተች። «አባትህን ጠይቀው» ስትለኝ ቀልዷን አልነበረም። እኔ ነኝ ጅሉ፣ ሰሙን ሰምቼ ወርቁን የጣልኩት።

ጎረቤቶቹ አሉ። ሰኞ ወሬው ቢሮዬ ይደርሳል። ይድረስ!

ተነሣሁና አባቴ ፊት ቆምኩ። «አባቴ» አልኩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እጅዎ ይባረክ።»

ሴትዮዋ ሣቀች፤ ቀልድ መስሏት ነው። ከዚያ ፊቴን አየችና ቁራሹ እጇ ላይ ቀረ። ባሏ አንዴ እኔን አንዴ ሚስቴን ያያል። ሚስቴ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ «የሁልጊዜውም የሱ ነው፣ የኔ አይደለም» አለቻቸው፤ በዓይኗ ወደኔ እያመለከተች።

አባቴ አሁን መሬት አላዩም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ ብዙ አዩት።

«አሜን» አሉ። ከዚያ ወደኔ ቀና ብለው፣ «ከእናትህ ሌላ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም» አሉኝ። «እሷም በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነበር የምትለኝ።»