ዘጠኝ ሰዓት ብዬ የጻፍኩት

የምሠራው ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ አንድ የማስታወሻ ሣጥን አለ፤ ነርሱም እኔም ቀንና ሰዓት እየጻፍን እንጨምርበታለን። አንዱ ከላይ ይጽፋል፣ ሌላው ከታች፤ ሥርዓት የሚባል የለም። ማለዳ ማለዳ ከየሣጥኑ የመጨረሻውን ማስታወሻ ለቅሜ፣ ሕመምተኛ ለሚያመላልሰው ባለሞተር ዝርዝር እሰጣለሁ። ዓይኔ ሲደክም፣ ሰዓት አይቶ የመጨረሻውን ራሱ የሚያወጣ ቀመር ሠራሁ። ጉራዬ አይጣል ነበር።

ቡቲዬ በምትባል ሰፈር የሚኖሩ፣ ድሮ በስደት መጥተው እዚያው የቀሩ አንዲት የልብ ሕመምተኛ እናት ነበሩ። አማርኛ የሚናገር ሰው ሞያሌ ሞልቷል፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ግን «ልጄ» ብለው የሚደውሉልኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ስልኩን ስዘጋ ቤቴ ጭር ይልብኛል።

አንድ ቀን ነርሱ ጠዋት አይቷቸው «11:00፣ ደህና ናቸው» ብሎ ጻፈ። ከሰዓት በኋላ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ትንፋሽ አጠረኝ። ሰው ላኪልኝ።»

«አይዞዎት እማማ፣ ነገ በጠዋት ይመጣልዎታል።»

ወዲያው ጻፍኩት፦ «9:00፣ ትንፋሽ አጥሯቸዋል፤ ነገ ይምጡ።» ክሊኒኩ 15:00 ነው የሚለው። እኔ ግን በአማርኛ እያወራሁ ስለነበር እጄ በእኛ ሰዓት ጻፈ። ለቀመሩ አሥራ አንድ ከዘጠኝ ይበልጣል፤ በማግስቱ የነርሱን «ደህና ናቸው» አወጣ። እኔም ዝርዝሩን ሳላነብ ሰጠሁ። እንዲህ ያለ ብልጠት በአፍንጫዬ ይውጣ!

ከደወሉ በሦስተኛው ቀን ጎረቤት በሞተር ደግፎ አመጣቸው። ነጠላቸውን ለብሰው ሁለት ቀን ሙሉ በር ላይ ተቀምጠው ጠብቀዋል። ሲሻላቸው አልጋቸው አጠገብ ቆሜ የዘጠኙንና የአሥራ አንዱን ነገር አስረዳኋቸው። አንገቴን መቅበሪያ አጥቼ ነበር።

እስክጨርስ ሰሙኝና «ነርሱ ቢረሳኝ ቋንቋዬ አልገባውም እል ነበር» አሉ። «አንቺ ግን ሰምተሽኛል።»

ዛሬ ደህና ናቸው፣ ተመስገን። የሚደውሉት ለነርሱ ነው። አጠገቤ ስለሚቀመጥ ድምፃቸው ይሰማኛል፤ በተሰባበረ ስዋሂሊ ሕመማቸውን ያስረዳሉ። ቃል ሲጠፋባቸው ዝም ይላሉ፣ እንደገና ይሞክራሉ። ስልኩን ለእሷ ስጣት ብለውት አያውቁም።