ዳጣው ያስለቀሳቸው እንግዶች

ባለቤቴ «እንባ ያላወጣ ዳጣ፣ ዳጣ አይባልም» ይል ነበር። ሶዶ ላይ አብረን የከፈትነውን ትንሽ ቁርጥ ቤት እሱ ከሞተ በኋላ ልዘጋው ወስኜ ነበር። አንጀቴን የበሉኝ እንጀራቸውን የሚያጡት ሁለቱ ሠራተኞቼ፣ አበበችና ማርታ ናቸው።

አንድ ቀን አንድ አስጎብኚ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስዳቸውን ፈረንጆች ይዞ ገባ። አበበች ቃሪያና ዝንጅብሉን በባለቤቴ አሠራር ፈጭታው ነበርና፣ ዳጣውን ገና ሲቀምሱት ፊታቸው ቀልቶ እንባቸው ይወርድ ጀመር። ልክ በዚህ መሃል ለቀብሩ ያልደረሱት የባለቤቴ አክስት ዘመድ አስከትለው ከጉኑኖ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ።

«ወይኔ ልጄን! ፈረንጅ እንኳ አለቀሰልህ!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ዘመዶቹም ለቅሶውን ተቀበሏቸው። ፈረንጆቹ ግራ ገብቷቸው ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«እማማ፣ ዳጣው እኮ ነው!» ብላቸው ማን ሰምቶኝ! ሳልወድ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው እኔም አለቀስኩ።

በሳምንቱ አስጎብኚው ሌሎች እንግዶች አመጣ። ዳጣው ሲቀርብ ሁሉም ብድግ ብለው ቆሙ።

«ምን ሆኑ?» አልኩት።

«የበፊቶቹ ነግረዋቸው ነው፣ እትዬ። ለቅሶው እስኪጀመር እየጠበቁ ነው።»

አበበች ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ዳጣውን ጨምሪላቸው» አልኳት።