የሰማዩ ግራ ጎን

የቴአትር ቤቱ ዘበኛ ሲያንኳኳ ታላቅ እህቲቱ የጎረቤት ሱሪ እየዘመዘመች ነበር። ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ ደጃፉ ላይ ቆመ። በእጁ በያዘው ፌስታል ውስጥ የወንድሟ ጫማ ነበር። ተረከዙን አይታ ለየችው፤ ባለፈው ሳምንት ራሷ ናት ያሰፋችው።

«ሥራው ላይ እንዳለ ነው» አለ ዘበኛው በመጨረሻ። «ልቡ ነው አሉ።»

ሱሪውን እስከ ጫፉ ዘምዝማ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ተነሣች።

ወንድሟ በካልሲው መሞቱ አልገረማትም። የመድረክ ጀርባ ሸራ የሚቀባው ወለል ላይ ተነጥፎ ነው። ሠዓሊው ጫማውን አውልቆ፣ ብሩሹን ከረጅም እንጨት ጋር አስሮ፣ ሥዕሉ ላይ እየተራመደ ይቀባል። የክፍሉ ኃላፊ ደግሞ ከላይ፣ ከብረት ሰገነቱ ላይ ቆሞ «እዚያ ጋ አጥቁረው፣ እዚህ አሳሳው» ይላል። ቴአትሩ ሲያበቃ ሸራው በነጭ ይለቀለቅና ለሌላ ይዘጋጃል።

ወንድሟ ሰማይ ለመቀባት የተፈጠረ ነበር። ባልደረቦቹ «ደመናው» ይሉት ነበር። እሱ ግን ልቡ ሰገነቱ ላይ ተንጠለጠለ። እኔ አጎንብሼ ሌላው ቀና ብሎ እስከ መቼ፣ ይላት ነበር።

የዚያን ጊዜው ኃላፊ ብሩሽ አያያዝ ያስተማሩት ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ሸራ ቀለሙ ተበላሸ። ቀለሙን የበጠበጠው ወንድሟ ራሱ ነው። በስብሰባ ላይ ግን ተነሥቶ፣ ሽማግሌው ሰማያዊውን ከአረንጓዴ መለየት አቅቷቸዋል፣ ጥፋቱ የዓይናቸው ነው አለ። ሽማግሌው አልተከራከሩም። ኮታቸውን ከሚስማሩ ላይ አወረዱና «ልጄ፣ እላይ ብርድ አለ፤ ደረብ አድርግ» ብለውት ወጡ።

ወንድሟ በቦታቸው ተሾመ፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ከላይ ቆመ። ብሩሽ የሚባል አልነካም። ሠራተኞቹም ስሙን ለወጡለት፤ ማጉረምረም እንጂ ዝናብ የለውም ብለው «ነጎድጓዱ» አሉት። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርምና የገዛ ረዳቱ በስብሰባ ተነሣበት፤ ሰውየው አርጅቷል፣ ሐሳቡ ነጥፏል አለ። ባለፈው ወር ከሰገነቱ ወርዶ ወለል ላይ ተመደበ።

ያን ቀን እህቱ ቤት መጥቶ ጫማውን እያወለቀ «ሲሾም ያልቀባ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ሽማግሌውስ?» አለችው።

«የተሰጠኝን ሰማይ ልጨርስ፣ እትዬ። እጃቸውን ይዤ ሰገነቱ ላይ አወጣቸዋለሁ። ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ ያን ቀለም ያበላሸሁት እኔ ነኝ እላለሁ።»

«ቤታቸው ሁለት ፌርማታ ነው። ዛሬ ብትሄድስ?»

«ባዶ እጄን?»

«አፍህ ካለ ይበቃል።»

ራሱን ነቀነቀ። መጀመሪያ ሥራውን ይዩት አለ። ልጅ ሆኖም እንዲህ ነበር፤ ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳ ሰው እንዲያጨበጭብለት ይፈልጋል።

ዘበኛው ቴአትር ቤቱ ድረስ ሸኛት። ሬሳው ወደ ሆስፒታል ተወስዷል። የብረቱን መሰላል ይዛ ሰገነቱ ላይ ወጣች። እውነትም ይበርዳል። ሰማዩ ከቀኝ ተነሥቶ ይመጣል፤ ደመናዎቹ ዝናብ ያረገዙ፣ ከባድ ናቸው። መሐል ላይ እንጨቱ ከነብሩሹ ወድቋል፣ አጠገቡ የካልሲ ዱካ አለ። ሬሳውን ያነሡት ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው ነው የገቡት።

አዲሱ ኃላፊ፣ የወንድሟ የቀድሞ ረዳት፣ ቀስ ብሎ መጣና ምን ላድርግ አላት፤ ሌላ ሰው ይጨርሰው ወይስ በነጭ ይለቅለቅ?

የሰማዩ ግራ ጎን አልተቀባም። ሽማግሌው ቤት የሄደ ሰው የለም።